የእታለም ቆስጣና የእኔ ይሉኝታ

ታላቅ እኅቴን እታለም እላታለሁ። የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት። ጉልበቷ ሲደክም፣ «ውሃው ሁለት ጊዜ ይሥራ» ብላ ሳሙና የለቀቀውን የመጨረሻ ማለቅለቂያ በጓሮዋ መደብ፣ ከቆስጣው ሥር ታፈስስ ጀመር።

አገራችን ደረቅ ናት፤ ዝናቡ እንደ ባለዕዳ መንገድ እየቀየረ ያልፈናል። አትክልት የምንበላው ከሩቅ በጭነት መኪና እየመጣ፣ ያውም ጠውልጎ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉ ምግብ አብሳይ ለበሽተኞቿ ትኩስ ቆስጣ በየሳምንቱ ከእታለም ልትወስድ ስትስማማ፣ እኅቴ በደስታ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከእርሷ ጋር እኖራለሁ፤ ስለ ውሃ ቁጠባም ማንም ሳይጠይቀኝ አስተምራለሁ። በአንድ ጣሳ ውሃ ገላዬን እንደምታጠብ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬአለሁ። ጎረቤትስ ሳልነግረውም በጠረኔ ያውቅ ኖሯል።

ታዲያ ባንቧው ደርቆ ሰነበተ። የልብስ አጠባው ቆመ፤ ቆስጣውም አንገቱን ደፋ። ምግብ አብሳይዋ መጥታ መደቡን አየችና፣ «እትዬ፣ ለዓርብ ካላደረሱልኝ ወደ ጭነት መኪናው መመለሴ ነው። በሽተኛ ይጠብቃል እንዴ?» ብላ ሄደች።

እኅቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ አትታጠብም?»

«ውሃ እየቆጠብሁ ነዋ!»

«ቁጠባህ ቆስጣዬን ገደለው። ርእሰ መምህር የነበረው ጓደኛህ ግቢ የጉድጓድ ውሃ አለው አይደል? ሂድና እጣቢ ለምንልኝ።»

«እኔ? የመምህራን ዘር፣ የሰው እጣቢ ልለምን?»

«የማን ዘር? የጎመን ዘር!» ብላ ባልዲውን እጄ ላይ አንጠለጠለችው።

ጓደኛዬ ምንም ሳይጠይቅ ባልዲውን ሞላልኝ። ስመለስ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ልብስ ሰፊ የሆነው፣ ከስፌት መኪናው ላይ ብድግ አለ።

«መምህር! እርስዎ ተሸክመው እኔ ልቀመጥ? በሞቴ ያምጡ!» ባልዲውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አየ። «ምነው፣ ይህ እኮ እጣቢ ነው።»

ለእኅቴ ቆስጣ ነው ማለት ይበቃኝ ነበር። ሰዋስው ያስተማርሁበት ምላሴ ግን ሦስት ቃል ማቀናጀት ተሳነው። «አዎን፤ ልደፋው ነው» አልሁ።

«ታዲያ ለዚህ ይደክማሉ?» ብሎ ቦዩ ውስጥ ደፋልኝ፤ ባልዲውንም በጨርቅ ወልውሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ በሁለት እጁ አቀበለኝ። ታላቅን ማክበር ያስተማርሁት እኔው ስለ ሆንሁ ምን ልበለው?

እታለም ባዶውን ባልዲ አየች። «የት አለ?»

«ተማሪዬ ደፋው።»

«አንተስ?»

«አመሰገንሁት።»

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። መደቡ አጠገብ ቁጭ ብላ የደረቀውን ቅጠል መልቀም ያዘች። «ልጆቼን ያሳደግሁት በእጣቢ ነው፤ አንድም ቀን አፍሬበት አላውቅም» አለች።

ባልዲውን አንሥቼ ወደ ልብስ ሰፊው ተመለስሁ። «ልጄ፣ እጣቢ ልለምን ነው የመጣሁት። ለእኅቴ ቆስጣ ነው።»

ግንባሩን መታ። «ወይኔ! ምነው ቀድመው ቢናገሩ!» ከዚያም ጮክ ብሎ ማንበብን ባስለመድሁት በዚያው ድምፅ ወደ መንገዱ ጮኸ፦ «እናንተ! መምህር እጣቢ ይፈልጋሉ!»

መንገዱ በሙሉ ሰማ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ምድር ግን ስላልተከፈተች ባልዲዬን ይዤ ቆምሁ። ሻይ ቤቱ ብርጭቆ ያለቀለቀበትን ሰጠኝ፤ አራስ ልጇን ያጠበች እናት ሳፋዋን ገለበጠችልኝ። እስኪመሽ ድረስ ተመላለስሁ።

ዓርብ ዕለት የመደቡ እኩሌታ ሞቶ፣ እኩሌታው ቀና ብሎ ነበር። ምግብ አብሳይዋ የቆስጣውን እስር በእጇ መዘን መዘን አድርጋ፣ «ይህ ለሕፃናቱ ክፍል ይበቃኛል፤ ለቀሩት ከጭነት መኪናው ልጨምር። እርስዎ ግን እንዳያቋርጡ፣ እትዬ» አለች።

የሠፈሩ ልጆች አሁን «ጋሽ እጣቢ» ይሉኛል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚሠጋ ሁሉ ከሚፈራው የባሰ ስም እንደሚያተርፍ ከእኔ ይማር። ለእታለም ግን ይህ ሁሉ ጉዳይዋ አይደለም። ማታ ማታ ሳፋውን ፊቴ ታቀርባለች።

«እግርህን ደህና አድርገህ እሽ፤ ሳሙና እንዳታስነካ። ቆስጣው ጠምቶታል።»