የዘሃራ ባለ ጨሌ ኪቦርድ

ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ነስሩ ካቻቢቴ እንኳ አላስያዘኝም። የሰጠኝ ሐምራዊ አዳፕተር ነበር፤ የድሮ ኪቦርድ ክብ ሶኬት በአንድ በኩል ይገባበትና በሌላው በኩል ዩኤስቢ ሆኖ ይወጣል።

"ታዴ፣ የቤቱ ሕግ ይኼ ነው" አለኝ። "የመጣውን ኪቦርድ በዚህ ሰካው። ከሠራ አጽድተህ መልስ፤ ካልሠራ ሞቷል። አቦ፣ ሬሳ ላይ ጊዜ አታቃጥል!"

ድሬዳዋ ውስጥ ዕቃ የሚጨርሰው አቧራና ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ሬሳ አይጠፋም። ለዓመታት በዚያ አዳፕተር ስንቱን ኪቦርድ ቀበርኩ። እጄ እየፈጠነ፣ አፌም እየደፈረ ሄደ። ነስሩ "ዋና ቴክኒሻን" ብሎ ሲሾመኝማ ለደንበኛ ማስረዳቱንም ተውኩት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዘሃራ የምትባል ሴት ኪቦርዷን አቅፋ መጣች። በአንድ መሥሪያ ቤት የቆየች ጸሐፊ ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ ፊደሉን የምታገኘው ቁልፎቹ ላይ በማስቲሽ የለጠፈቻቸውን ጨሌዎች እየዳሰሰች ነው። መሥሪያ ቤቱ ያስገባቸው አዲስ ኮምፒውተሮች ደግሞ ክብ ሶኬት የሚቀበል ቀዳዳ የላቸውም። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ በእነሱ ላይ የታይፕ ፈተና አለ። የወደቀ ከጸሐፊነት ተነስቶ መዝገብ ቤት ይገባል፤ እዚያ ሥራው ቀኑን ሙሉ ደቃቅ ቁጥር ማንበብ ነው።

"ጨሌዎቹን ወደ አዲስ ኪቦርድ ላዛውርልሽ" አልኳት።

"ጨሌውን ታዛውራለህ፣ ጣቶቼንስ?" አለችኝ። "የአዲሱ ቁልፍ ጠፍጣፋ ነው፣ ድምፅም የለው። ሞክሬዋለሁ፤ ወላሂ ምን እንደጻፍኩ አላውቅም።"

በአዳፕተሩ ሰካሁት። ሦስቱ መብራቶች ብልጭ ብለው ጠፉ። ከዚያ ምንም የለም። ሌላ ቀዳዳ ሞከርኩ፤ ገመዱን በቴስተር ለካሁ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። እንቢ አለ። ነስሩ ከኋላዬ "ሞቷል በላት እንጂ!" አለ።

ልላት አፌን ስከፍት ዘሃራ "ትናንት እኮ በአሮጌው ኮምፒውተር ጽፌበታለሁ" አለች።

ትናንት! ታዲያ ከትናንት ወዲህ የተቀየረው ኮምፒውተሩ ነው እንጂ ኪቦርዱ አይደለም። መብራቱም ብልጭ ብሏል።

ለመለዋወጫ ያስቀመጥነውን አሮጌ ኮምፒውተር ከጓዳ አወጣሁ። ክብ ሶኬት ማሽኑ በርቶ ሳለ አይሰካም፤ ሰክቼ ከዚያ አበራሁ። ዘሃራ ስሟን ጻፈች። አንድ ፊደል አልጎደለም!

"ነስሩ፣ ና እይ! ሬሳው ይጽፋል!" ብዬ ጮህኩ።

አዳፕተሩን በቢላዋ ሰነጠቅሁት። ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው። የሶኬቱን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ አይተረጉምም። የድሮውንም የዩኤስቢውንም ቋንቋ ለሚችል ኪቦርድ ይበቃል፤ የዘሃራ ግን የድሮውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሶማልኛ ብቻ የሚችል ነጋዴ ኮት ስለለበሰ አማርኛ አይናገርም። መሃል ቆሞ የሚያስተረጉም ቺፕ ያለበት መለወጫ ያስፈልጋል። የቀበርኳቸው ሁሉ ትዝ አሉኝና በእፍረት ፊቴ ጋለ። ነስሩ ጭንቅላቱን ይዞ "አቦ፣ ስንቱን ገደልን!" አለ።

ዘሃራ ኪቦርዷን ይዛ ወደ ፈተናው ቀደመች። እኩለ ቀን ሆኗል፤ በዚያ ሰዓት ድሬ ሱቁን ዘግቶ ጥላ ይፈልጋል። መለወጫውን ፍለጋ የደቻቱን ድልድይ በሩጫ ተሻግሬ መጋላ ገበያ ገባሁ። አሮጌ ገመድ የሚሸጠው አብዲ በሩን ገርበብ አድርጎ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል።

"ዋሪያ፣ ዝግ ነው!" አለኝ ቀና ሳይል።

"አብዲ፣ አንዲት ሴት ከወንበሯ ልትነሳ ነው!"

ነገሩን ስነግረው ተነሳና አንድ ካርቶን ሙሉ ገመድ መሬት ላይ ዘረገፈው። "ፈልግ። ካልሠራ ትመልሰዋለህ።"

አብረን በርከክ ብለን በረበርን። በመጨረሻ ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው፣ ወገቡ ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ነገር ያበጠበት ገመድ አገኘሁ። ቺፑ እዚያ ውስጥ ነው ብዬ በባጃጅ ወደ መሥሪያ ቤቷ በረርኩ።

ስደርስ ዘሃራ አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። ፈታኙ ኃላፊ "ሌሎቹ ጨርሰዋል፣ ቶሎ በል" አለኝ። ሰካሁት። መብራቶቹ ብልጭ ብለው ጠፉ። የቁጥር መቆለፊያውን ቁልፍ፣ ነም ሎክን፣ ስጫን ግን አንዱ መብራት ቦግ ብሎ በርቶ ቀረ።

"ሰምቷል! ጻፊ!" አልኳት።

ኃላፊው ሲያነብላት እሷ ዓይኗን ጨፍና መጻፍ ጀመረች። ክፍሉ በቁልፎቹ ድምፅ ተሞላ። ገጹ ሳያልቅ ጣቷ ቆመና ደነገጥኩ።

"ቀጥል እንጂ አቦ" አለችው፤ "አንተን እኮ ነው የምጠብቀው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ወረቀቱን አሳትሞ አገላብጦ አየው። "ከወንበርሽ የሚያነሳሽ የለም" አላት።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህንን ነው፤ በአዳፕተር ተሰክቶ እንቢ ያለን ዕቃ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ያለ አዳፕተር ሞክሩት።