ከቤል እጅ የተቀበልኩት ጥይት

ወደ ኮረብታው እንድንወጣ ትእዛዝ የደረሰን ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የኮረብታው ስም አይጠቅማችሁም፤ እኛም የምናውቀው በቁጥር ነበር። የምነግራችሁ ስለ ጥይት ነው፤ ከጥይትም ይልቅ ስለ አንድ ሰው።

እኔ የአልዱባ ሰው ነኝ፣ ብሔረሰቤ በና። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ በኢላማ ተኩስ በልጬ የጋንታችን አልሞ ተኳሽ ሆንኩ። ማሰልጠኛው ውስጥ ሁለት ጠመንጃ አቅርበው ምረጥ አሉኝ። ክላሹን ለምጄዋለሁ፤ ነገር ግን ጥይቱ አጭር ነው፣ ከአራት መቶ ሜትር በኋላ እየወደቀ ይሄዳል። መነጽር ያለው ረጅሙ ጠመንጃ የሚጎርሰው ውፍረቱ ያው ሆኖ ባሩዱ የበዛ ጥይት ነው። ስድስት መቶ ሜትር ላይ የራስ ቁር የምታህል ኢላማ መታሁበትና እሱን መረጥኩ። አሰልጣኙ «የብሬን መትረየስንም ጥይት ይጎርሳል፤ ግን እንዳትሸወድ፣ ለሩቅ ኢላማ ተመርጦ የተሠራለትን ብቻ ስጠው» ብሎኝ ነበር።

የተመረጠው ጥይት የሚወጣው በሃምሳ አለቃ ወርቁ እጅ ነበር። የሻለቃው የጥይት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ቀደም ሲል ጂንካ ሦስት ዓመት ኖሯልና ልማዳችንን ያውቃል። «ቤል እንሁን» ያለኝም እሱ ነው። ቤል በእኛ ዘንድ ከወንድም የማያንስ የቃል ወዳጅ ነው። ከቤት የተላከልኝን ማር ሰጠሁት፣ እሱ ቀበቶውን ሰጠኝ፣ ከአንድ ፍየል በላን። ቤል የሰጠህን አትመረምርም። መረመርክ ማለት አላምንህም አልክ ማለት ነው።

ያን ሐሙስ ወርቁ ጥይቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ያው የለመድከው ነው» አለኝ። እንደ እኔው በና የሆነው የካይ አፈር ልጅ ዶሬ አጠገቤ ነበር፤ በአንድ ቀን ነው የተመለመልነው። አንዷን አውጥቶ መዳፉ ላይ አገላበጣት።

«ሦስት ተኩሰህ ሞክራት እስቲ» አለኝ።

«ከቤል እጅ የወጣ አይሞከርም።»

«እሱ እኮ በና አይደለም።»

ተቆጣሁት። ጥይቷን ጨርቁ ውስጥ መለሳት።

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ዶሬና አራት ጓዶች ደረቁን ወንዝ ተሻግረው የማዶውን ምሽግ በቦምብ እንዲመቱ ታዘዙ። የጠላት መትረየስ ወንዙን ከላይ ያየዋል። መትረየሱን ዝም ማሰኘት የእኔ ሥራ ነው። ዶሬ ሲወርድ «አንተ ካለህ ምን እሆናለሁ» አለኝ።

ርቀቱ ስድስት መቶ። ነፋስ የለም። ተኮስኩ። አቧራው ከመትረየስ ተኳሹ በስተግራ ተነሣ። አስተካከልኩ። አሁን በስተቀኝ፣ ከፍ ብሎ። ሦስተኛው የት እንደገባ አላየሁም። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ይህን እምላለሁ። አሥር ተኮስኩ። መትረየሱ አምስቱንም አሸዋው ላይ አስቀራቸው። ዶሬ ከመውደቁ በፊት ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ እኔ አየ።

ከቀትር በኋላ ኮረብታውን ያዝን። የብሬን ተኳሻችን የተኮስኳቸውን ቀለሆች አነሣና ቂጣቸው ላይ ያለውን ቁጥር አየ። «ይሄ እኮ የእኔ ጥይት ነው» አለኝ።

የተመረጠው ጥይት የት እንደገባ በኋላ ሰማን። ወርቁ ለክፍለ ጦሩ የኢላማ ውድድር ደብቆት ኖሯል። ቡድኑ አሸነፈ፣ እሱም ተሸለመ። ባመለክት «ጥይቱ ያው ነው፣ ተኳሹ ደንግጦ ነው» ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ አለቆቹም ተቀበሉት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት እውነት ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አምና ወርቁ ጡረታ ወጥቶ አሁን ወደምኖርበት ጂንካ መጣ። ከሩቅ ሲያየኝ «ቤል» ብሎ ተጣራ። ቤት አስገባሁት፤ ቤል ሳይበላ አይሸኝም። ከበላ በኋላ «እጅህን ዘርጋ» አልኩት። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ዘረጋ። ያስቀመጥኳቸውን ቀለሆች የአምስቱን ጓዶች ስም እየጠራሁ አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አኖርኩ፦ ዶሬ፣ ከበደ፣ ገመቹ፣ ሐጎስ፣ አብዱ።

«ያኔ እኮ…» አለ። ቀለሆቹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ።

የዶሬን አባት አልዱባ ገበያ ባገኘኋቸው ቁጥር «ልጄ ሲወድቅ ታየው ነበር?» ይሉኛል። «አየው ነበር» እላቸዋለሁ። የወርቁንም ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ዶሬ ሦስት ተኩሰህ ሞክር ብሎኝ እንደነበር ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።