አባሪ ስድስት፦ የሐዋ ባል የመኖሪያ ፈቃድ

ሥራ የጀመርኩት ማኅተም በሌለው ቢሮ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለነበር አሶሳ ላይ ቢሮው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተከፍቶ ሠራተኛው ወንበር ይሻማል። ከመንዲ በጭነት መኪና ጋቢና መጥቼ ጠዋት ስደርስ፣ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ዴስክ የተባለው ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሆኖ አገኘሁት። ስሙ በሩ ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል፤ ሲያባራ እኔ እጽፈዋለሁ።

የዴስኩ ኃላፊ አቶ ገረመው ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ የገቢ መዝገብና አንድ የወጪ መዝገብ አስረከቡኝና፣ «ስሚ ድንቅነሽ» አሉኝ። «ፋይል ሳይሞላ እኔ ጠረጴዛ ላይ እንዳይደርስ። አዲስ አበባ ያሉት ጎደለ ብለው ሲመልሱብን የምንዋረደው እኛ ነን።»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ትእዛዙን አልረሳሁትም። አንዴ እንኳ ብረሳው ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የውጭ አገር ሰው እዚህ እየሠራና እዚህ አግብቶ ለመኖር በእኛ ዘመን ሁለት በር ነበረው። አንዱ የሥራ በር ነው። ቀጣሪው ደብዳቤ ይጽፋል፣ የሥራ ፈቃድ ይወጣል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ በዚያ ላይ ተንጠልጥሎ በየዓመቱ ይታደሳል። ሁለተኛው የጋብቻ በር ነው። የጋብቻ ወረቀት፣ የሚስት ማስረጃ፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ ተሟልቶ አዲስ አበባ ይላካል፤ ውሳኔው ከዚያ ይመጣል። የሥራው ፈጣን ነው፤ ቀጣሪው የሄደ ቀን ግን ፈቃዱም አብሮት ይሄዳል። የጋብቻው እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው፤ ትዳሩ እስካለ ግን ይቆያል። ባለጉዳዩ ሁሉ ፈጣኑን ይመርጣል። እኛም ያንኑ እንመክር ነበር፤ ለእኛም ሥራው ይቀለን ነበርና።

አንድ የመንገድ መሐንዲስ ትዝ ይለኛል፤ ፈረንጅ ነው፣ የባምባሲ ልጅ አግብቷል። ፈቃዱን ሳያሳድስ አራት ወር ቆይቶ መጣና በአስተርጓሚ «ሚስቴ ኢትዮጵያዊት ናት፤ እኔ እኮ ቤቴ ነው ያለሁት» አለ። አቶ ገረመው ከመዝገቡ ቀና ሳይሉ፣ «ሚስቱ ቤቱ ናት በለው፤ ፈቃዱ ግን ኩባንያው ነው» አሉ። ሰውየው ሳቀ፣ ቅጣቱን ከፈለ፣ ሄደ። በዚያ ቀን እኔም ስቄአለሁ።

ኢድሪስ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ከሱዳን ድንበር ወዲያ የደማዚን ልጅ ነው፤ እናቱ ከበርታ ሕዝብ ስለሆነች ቋንቋቸውን እንደ አሶሳ ሰው ይናገራል። ሥራው የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር። አንድ የውጭ ረድኤት ድርጅት ቀጥሮት በመንጌ መንገድ ባሉ ቀበሌዎች የጉድጓድ ፓምፕ ሲተክልና ሲጠግን ከርሟል። ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ በሳሙና የሚለቅ አልነበረም፤ ፊርማውን ሲፈርም ወረቀቱን እንዳያቆሽሽ ከእጁ ሥር ጨርቅ ያነጥፋል። ለሁለት ዓመት ፈቃዱን በሥራ በር ያሳደስኩለት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ዓመት ከሚስቱ ከሐዋ ጋር መጣ። ሐዋ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አማርኛ እምብዛም የማትናገር ሴት ነበረች። ሆዷ ገፍቷል።

«እህቴ» አለኝ ኢድሪስ፣ «ድርጅት ሊዘጋ ነው። ፈረንጆቹ ሄዱ። የእኔ ወረቀት አንድ ወር ቀረው። ከዚያ ምንድን ነው የምሆነው?»

«በጋብቻ ታመለክታለህ» አልኩት። «መጀመሪያውኑ እንዲህ ማድረግ ነበረብህ።»

«አንቺ ነሽ በሥራ ይሻላል ያልሽኝ።»

እውነቱን ነው። የጋብቻውን ቅጽ አውጥቼ ሰጠሁት።

አቶ ገረመው ከውስጥ ሰምተው ኖሮ ወጡና፣ «ለምን ስደተኛ ሆነህ አትመዘገብም? ካምፑ ቅርብ ነው» አሉት። ኢድሪስ ፊቱ ተለወጠ። «ጌታዬ፣ እኔ ባል ነኝ፣ ባለሙያ ነኝ። ሚስቴን ይዤ ድንኳን ልግባ? ወላሂ አይሆንም» አለ። ወዲያ ማዶ በዚያን ጊዜ ጦርነት ነበር። ወጣት ወንድ በሁለቱም ወገን ይታፈሳል። ድንበሩን ተመልሶ መሻገር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ወረቀት ማሟላት ጀመርን። ጋብቻቸው በኒካህ ነው፤ ቃዲው የጻፉት በዐረብኛ ነበር። ኢድሪስ አስተርጉሞ፣ አስፈርሞ፣ ማኅተም አስደርጎ መጣ። የሐዋ ማስረጃ ላይ የአባቷ ስም ተሳስቶ ተጽፎ ነበርና እሱን ሊያስተካክሉ ተመለሱ። እያንዳንዱ ምልልስ ግማሽ ቀን በእግር፣ ቀሪው በጭነት መኪና ነው። ባለጉዳይዋ ራሷ ትቅረብ ስለሚባል ሐዋም አብራ ትመጣለች። እንዲህ እያልን አምስት አባሪ ደረስን። ፈቃዱ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

«አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል» አልኩት። «እዚያ እንደምትኖር ቀበሌው ደብዳቤ ይጻፍልህ።»

ለሐዋ በቋንቋቸው ነገራት። እሷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እግሯ አብጦ የጫማው ማሰሪያ ሥጋዋ ላይ ቦይ ሠርቷል።

«ቆይ እህቴ» አለ ኢድሪስ። «ቀበሌ ወረቀት ሰጥቶኛል እኮ!» ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፈታው። የቀበሌ መታወቂያ ነው። ፎቶ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የቤት ቁጥሩ የአማቱ ነው። በእነ ሐዋ አገር አዲስ ሙሽራ መጀመሪያ አማቱ ግቢ ተቀምጦ ያርሳል፤ ጎጆውን የሚለየው ቆይቶ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤተሰብ ሲመዘግብ ኢድሪስን እዚያው ግቢ አገኘውና ከአማቱ ልጆች ጋር መዘገበው። ከዚያ እንደ ሌሎቹ መታወቂያ ሰጠው። ዜግነት በሚለው መስመር ላይ «ኢትዮጵያዊ» ይላል።

አንብቤዋለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው። ግን ያን ጊዜ የታየኝ የቤት ቁጥሩና ማኅተሙ ነው። የነዋሪነት ማረጋገጫ ተገኘ፣ ይህች ሴት ዳግመኛ ያን መንገድ አትሄድም አልኩ። ከተማው ውስጥ ወደነበረው ብቸኛ የፎቶ ኮፒ ቤት ራሴ ይዤው ሄድኩ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ቆሜ ጠበቅኩ። መጥቼ በስቴፕለር መታሁት። በመሸኛው ላይ «አባሪ ስድስት፦ የነዋሪነት መታወቂያ ግልባጭ» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ገረመው ገጹን ቆጠሩ እንጂ አላነበቡም። «ይኸውልሽ፣ ፋይል ማለት እንዲህ ነው» ብለው ፈረሙ። የወጪ ቁጥር ሰጠሁት። ወጪ ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ ደግሞ ከአፍ የወጣ ቃል ነው።

ኢድሪስ ሲሰናበተኝ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሐዋ በአማርኛ «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ለእኔ ብላ ከሰው ጠይቃ የተማረችው ሳይሆን አይቀርም።

መልሱ የመጣው ሐዋ በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ግለሰቡ የውጭ ዜጋ ሆኖ ሳለ የኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ይዞ መገኘቱ ከአባሪ ስድስት ስለተረጋገጠ፣ ጥያቄው ውድቅ ሆኖ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጣ፣ የመታወቂያው ዋና ቅጂ ተነጥቆ እንዲላክ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገቢ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ዛሬም ጠማማ ነው።

አቶ ገረመው አንብበው ቀሪ ፋይሉን አስወጡ። በኋላ፣ «ማነው ያያያዘው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። የመጀመሪያ ቀን የሰማሁት ያ ትልቅ ድምፅ አልነበረም።

የማብራሪያ ደብዳቤ አረቀቅኩ። ሰውየው እንዳላታለለ፣ መታወቂያውን ራሱ እንዳቀረበ፣ ስህተቱ የመዝጋቢው እንደሆነ ጻፍኩ። አቶ ገረመው በመጀመሪያ አልፈርምም አሉ፤ ስንት ልጅ እንደሚያሳድጉ ነገሩኝ። በማግሥቱ ጠርተው ፈረሙ። መልስ አልመጣም። ስደተኛ ሆኖ ይመዝገብልኝ ብዬ ካምፑ ድረስ ላክሁ፤ ከአገር ይውጣ የተባለ ሰው አንቀበልም አሉ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሲጠራ መጣ። ሽማግሌ የበርታ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አቶ ገረመው፣ «አባት፣ የሌላ አገር ሰው መሆኑን አያውቁም ነበር?» አሉት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ኢትዮጵያዊ ብለው ጻፉት?»

«ልጁ ውሃ አወጣልን። ልጃችን አገባ። ማሳችን አረሰ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው፣ እንግዳ?» አለ ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሐዋ አሁን ወልዷል። ሐዋ ምን ይሆናል?»

በዚሁ ጉዳይ ሽማግሌው ከሊቀ መንበርነቱ ተነሣ።

ኢድሪስ መታወቂያውን ያስረከበው ለእኔ ነው። አልተቆጣም። ቢቆጣ እመርጥ ነበር። «መዓሌሽ፣ ግድ የለም እህቴ፣ አንቺ ልትረጂን ነው» አለ። አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ አንድ ፖሊስ አብሮት ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኩርሙክ በሚሄድ መኪና ተጫነ። የመፍቻ ሣጥኑን ለአማቱ ትቶ አንድ ትልቅ መፍቻ ብቻ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ሐዋ ሕፃኗን አዝላ ከመኪናው ኋላ ቆማለች። አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ቢሮ ተመልሼ፣ በሩን ዘግቼ።

ድንበሩን በሚሻገሩ ወርቅ ነጋዴዎች እጅ ሁለት ጊዜ መልእክት ላከ። ከዚያ ቀረ። በሕይወት ይኑር፣ አይኑር የሚያውቅ አልተገኘም።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነገር ይህ ነው። በዚያው ዓመት አንድ ሌላ ሱዳናዊ፣ ልብስ ሰፊ፣ እዚሁ ያገባ፣ በጋብቻ በር አመለከተ። የእሱ ስድስተኛ አባሪ አንዲት የቀበሌ ደብዳቤ ነበረች፤ «የውጭ ዜጋ የሆነው እገሌ በዚህ ቀበሌ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል» የምትል ሁለት መስመር። ተፈቀደለት። ኢድሪስም እንዲህ ያለችውን ደብዳቤ በሁለት ቀን ያገኝ ነበር። ዘጠኝ ቀን ነበረው። እኔ ለእግሯ አዝኜ ባሏን አሳጣኋት።

ሐዋ በየዓመቱ ትመጣ ነበር። «ወረቀት መጣ?» ትለኛለች። አማርኛዋ እየተሻለ ሄደ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። እኔም «አልመጣም» እላለሁ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ከልጇ ጋር መጣች። ልጅቷ የእናቷን ቁመት ደርሳለች። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ሌላ ነበር።

«የኢድሪስን መታወቂያ ስጪኝ» አለችኝ። «ቤት ውስጥ ፎቶ የለም። ልጁ አባቱን አያውቅም።»

ዋናው ከተላከ ቆይቷል። ከማመልከቻው ጋር የነበሩት ፎቶዎችም አዲስ አበባ ቀርተዋል። ወደ መዝገብ ቤት ገብቼ የእኛን ቀሪ ፋይል አወጣሁ። አባሪ ስድስት አለ። ከፋይል ገጽ መገንጠል በዲሲፕሊን ያስቀጣል፤ ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ሳስተምር የኖርኩት ራሴ ነኝ። ስቴፕሉን በጥፍሬ ነቅዬ ገጹን ሰጠኋት።

የዚያን ዘመን ፎቶ ኮፒ ፊት አያወጣም። ኢድሪስ ግንባሩም ጉንጩም ጥቁር ሆኖ የሚታየው የዓይኑ ነጭ ብቻ ነው። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ልጅቷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ በብርሃን አገላበጠችው። ከዚያ ፊቱ ያልወጣላትን ትታ የወጣውን አነበበችልን፦ «ስም፣ ኢድሪስ። ዜግነት፣ ኢትዮጵያዊ።» ወደ እኔ ዞራ፣ «ታዲያ ለምን አስወጣችሁት?» አለችኝ።

በእኔ ወንበር ለምትቀመጡ የምለው አንድ ነው። ወረቀት ከማያያዛችሁ በፊት ባለጉዳዩን በማያውቅ ሰው ዓይን አንብቡት። የጎደለ አባሪ ሰውን ያመላልሳል። የማይገባ አባሪ ሰውን ያስወጣል።