የኮች ጥያቄ

ትናንት የልጄን የፉትቦል ቦርሳ ከመኪናዬ ሳወርድ የረጠበ ሄልሜትና የጡንቻ ቅባት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሰውዬ፣ ቦርሳውን እንደያዝኩ ፓርኪንጉ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

ከስኔሊንግ አቨኒው እልፍ ብላ ባለች ትንሽ ኮሌጅ ስማር፣ ሜዳ ላይ ኳስ ስጠልዝ አይቶ ያንን ሄልሜት አድርገው የሚጫወቱበትን፣ እንደ እንቁላል የሾለ የፉትቦል ኳሳቸውን እንድመታለት ቡድኑ ውስጥ ያስገባኝ ኮች ነው። ስም ነበረው፤ እኛ ግን ከኮች ሌላ ጠርተነው አናውቅም። ሃያ ዓመት የሰው ረዳት ሆኖ በየስቴቱ ተንከራትቶ፣ ዋና አሰልጣኝ የሆነው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ በእኛ ጊዜ ነው፤ ደስታው ልክ አልነበረውም። በዚያ ብርድ በቁምጣ እየተንጎራደደ ሲጮህ ድምፁ ኮሎምቢያ ሃይትስ እኛ ቤት ድረስ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። እናቴ አረጋውያን ከምትጦርበት ከነርሲንግ ሆም ሥራዋ በዩኒፎርሟ መጥታ «አባት ሆንክለት፣ ዕድሜ ይስጥህ» እያለች ስትመርቀው፣ አንድም ቃል ሳይገባው «አሜን» ማለት ለምዶ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግንድ ከሚያህል ልጅ ጋር ተላተምኩና ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። ኮች ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ራሴን ያመኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለቴ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አመመኝ ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ፣ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብዬ ተመልሼ ገባሁ። ብዙም ሳልሮጥ ወደቅሁ፤ የነቃሁት ሆስፒታል ነው።

ኮሌጁ ጉዳዩን ለማጣራት ሰበሰበን። እናቴ በንዴት ጦፋ «ሳይጠይቅ ነው ልጄን የማገደው!» አለች፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጠይቆኛል ብል እናቴን በፈረንጅ ፊት ውሸታም ማድረግ ሆነብኝና «አላስታውስም» አልኩ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ አላስታውስም ሲል ማን ይጠረጥራል? ኮችን በሳምንቱ አሰናበቱት፤ ከዚያ ወዲያ የቀጠረው ቡድን የለም።

ከዓመታት በኋላ ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ጋ፣ ታክሲ ድራይቭ ሳደርግ እሱ መንገደኛ የሚያመላልስ የፓርኪንግ ሹትል ሲነዳ አገኘሁት። አቀፈኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ጠያይቆኝ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያኔ የጠየቅኩህ ይመስለኝ ነበር፣ ልጄ። ወይስ አልጠየቅኩህም?» አለኝ። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ ግን በእሷ ምን ላመካኝ፣ የራሴው ፈሪነት ነው እንጂ! «እኔ እንጃ ኮች፣ አላስታውስም» አልኩት። «እንግዲያው አልጠየቅኩህም ማለት ነው» ብሎ ወደ መኪናው ገባ። ያ አነጋገሩ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

ዘንድሮ በረዶው ሳይቀልጥ ኮች ሞተ። እናቴም የለችም። እንደጠየቀኝ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።