ከአልሐምዱሊላህ በኋላ

በ2011 ዓ.ም. ከጅጅጋ ወደ ቀብሪበያ በሚወስደው መስመር ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን ክፍሎቹን ሲያሳየኝ «ድኅረ ወሊድ» የሚል የተለጠፈበትን በር ከፈተ። አልጋው ላይ የክትባት ካርቶን ተከምሯል። እናቶቹስ የት ይታያሉ ብዬ ጠየቅኩት። አራስ ከአርባ ቀን በፊት ከቤት እንደማትወጣ፣ ካልመጣች ደግሞ ደህና ናት ማለት እንደሆነ ነገረኝ።

ካርቶኖቹን አወረድኩ። አልጋው ተለቀቀ እንጂ እናት አልመጣችም። ስለዚህ የደም ግፊት መለኪያውን፣ ቴርሞሜትሩንና ጓንቱን በቦርሳ ይዤ እኔው እየሄድኩ ማየት ጀመርኩ። አብራኝ የምትዞረው ሆደን የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ጅጅጋ ተወልጄ ባድግም የእኔ ሶማሊኛ የገበያ ነው፤ የቲማቲም ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ስለ ማህፀን አያስወራም።

ፈርዶሳ እኛው ዘንድ በሰላም ወልዳ የሄደች ልጅ እግር ናት። ሳምንት ሳይሞላት ቤቷ ሄድን። ሰፈሩ «ኤዶ»፣ አክስት ማለት ነው፣ እያለ የሚጠራቸው አማቷ ኤዶ ኸድራ ሻይ አቀረቡልን። ፈርዶሳ ፊቷን ከበሩ ብርሃን አዙራ ግድግዳ ተደግፋለች። እንዴት ነሽ አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። አማቷም ደገሙት። ጥሩ ነው ብዬ ወደ ሕፃኑ ስዞር ሆደን ክንዴን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ እሱ ለአላህ ነው» አለችኝ በአማርኛ። «ላንቺ ገና አልመለሰችልሽም።»

አነጋገሯ አናደደኝ፤ እውነቷን ግን ነው። የገዛ እናቴ በጥርስ ሕመም ጉንጯ አብጦ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትል ነበር።

ሆደን ስለ ጤናዋ አላነሳችባትም። ሕፃኑ ማንን ይመስላል ብላ ጠየቀቻት። ፈርዶሳ ከትናንት ወዲህ ፊቱ እንደሚደበዝዝባት ተናገረች። ራስ ምታቱም ከዚያ በኋላ ወጣ። ግፊቷን ለካሁ፤ ደግሜ ለካሁ። በጣም ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለው ግፊት ከወሊድ በኋላም ይነሳል፤ አንዘፍዝፎ ይገድላል። ፈራሁ።

ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ አልን። ኤዶ ኸድራ አርባዋ ሳይሞላ ደጅ ከወጣች ጂን ያገኛታል ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ሆደን ብዙ ለመነቻቸው። አልሰሙም። በመጨረሻ በተሰባበረው ሶማሊኛዬ፣ እንግዲያው ብረት ይዛ ትውጣ አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «እናንተም ታውቁታላችሁ?»

«እናቴም እኔን ወልዳ ስትወጣ ቢላ ይዛ ነበር» አልኩ።

የሽንኩርት ቢላዋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለፈርዶሳ አስያዟትና ራሳቸው ደግፈው አስወጧት። አምቡላንስ ጠርተን ጅጅጋ ደረስን። የሆስፒታሉ ጥበቃ ቢላዋውን ልቀበል ሲል ኤዶ ኸድራ የተናገሩትን ሆደን አልተረጎመችልኝም። ፈርዶሳ ተኝታ ታከመች፤ ግፊቷም ወረደ።

አርባዋን ስትወጣ እኔና ሆደን ተጠራን። ሕፃኑን ታቅፋ መጣችና ቁርጥ አባቱን ነው አለችን። እንዴት ነሽ አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ሕፃኑን ለአማቷ ሰጥታም እጅጌዋን ሰበሰበችልኝ።

አሁን ለአዳዲስ አዋላጆች የምነግረው ይህንኑ ነው፦ አራስ ፈጣሪዋን ስታመሰግን አሜን በሉ፤ ከዚያ ግፊቷን ለኩ።