የሐጃን ጋሪ እየገፋሁ በእንግሊዝ ገጠር

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር

ሪያድ ሐምሌ ላይ ገና ጎህ ሲቀድ ትፋጃለች። አሠሪዎቼ ሙቀቱን ሸሽተው ለእረፍት እንግሊዝ ገጠር ይሄዳሉ። እኔም አብሬያቸው ነኝ፤ ለእረፍት ሳይሆን የማዳምን እናት፣ ሐጃን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለመግፋት። የነሱ ሻንጣ መኪናውን ሞልቶታል። የኔ አንዲት ፌስታል ናት።

«ዘይነብ፣ ያላ!» ትላለች ማዳም።

ዘይነብ እኔ ነኝ፤ በፓስፖርትና በመኖሪያ ፈቃዴ፣ በኢቃማው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም አስካለ ነው። ደላላው «ሙስሊም ካልሆንሽ ቪዛ የለም» ሲለኝ ዘይነብ ሆንኩ። እናቴ ካረፈች ዓመት አልፏል። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም፤ ሪያድ ደግሞ ገብቼ የማለቅስበት ቤተ ክርስቲያን የለም። እንግሊዝ አገር ሞልቷል ይላሉ። አንዱን ሳልሳለም ብመለስ እስክሞት ይቆጨኛል። ከታወቀብኝ ግን ኸላስ፣ ፌስታሌን ይዤ ወደ አገሬ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ፣ እንግሊዝ፣ መንገድ ላይ

ሾፌራችን ሞሮኮዊ ነው፤ በዓረብኛ እንግባባለን። መንገዱ ጠባብ፣ ግራ ቀኙ የቁጥቋጦ አጥር። ቤቶቹ ማር በሚመስል ድንጋይ የተሠሩ፣ አንዳንዶቹ ሣር ክዳን ናቸው። ሣር ክዳን ለማየት ሰው ከሪያድ በአውሮፕላን ይመጣል!

«እዚህ አገር ሣር ክዳን ያለው ሀብታም ነው» አለኝ ሾፌሩ።

«እንግዲያው የኛ ቀበሌ ድሃ የለውም» አልኩት።

በጎቹ እረኛ የላቸውም፤ ጅብ የለማ። ዝናብ ጀመረ። እንግሊዞቹ ሮጠው ተጠለሉ፤ የኛዎቹ መኪና አስቁመው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ሣሩ ላይ ምንጣፍ አነጠፉ። ሻያችንን ከነዝናቡ ጠጣን። በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አንዱም ጋ አልቆምንም።

ረቡዕ፣ ግንቡ

የፈረሰ ግንብ ልናይ ሄድን። ጣራ የለውም፤ መግቢያ ግን ያስከፍላል። የማዳም ባል ከፈለና፣ «ዘይነብ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

የጎንደር ልጅ ነኝ። «ወላሂ አይቼ አላውቅም» አልኩት። ፋሲል ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ መንደሩ

ትንሽ ወንዝ፣ የድንጋይ ድልድይ፣ ዳክዬዎች። ማዳምና ባሏ ልጆቹን ይዘው አይስክሬም ፍለጋ ከድልድዩ ማዶ ተሻገሩ። እኔና ሐጃ ከአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀረን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንድ ሰውዬ ከነጫማው፣ ከነውሻው ገባ። እግዚኦ! ውሻ የገባበት እኔ ልቅር? ዓይኔን ከበሩ መንቀል አቃተኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ» አሉኝ ሐጃ።

«ኧረ ሐጃ! እኔ እዚያ ምን አለኝ?»

«ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አትበዪም። ጨጓራዬን ነው ትያለሽ። ጨጓራ ቀን ለይቶ አያምም።»

ክው ብዬ ቀረሁ። «ማዳም ታውቃለች?»

«እሷ ምን ታውቃለች? ሂጂ።»

ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ገባሁ። አበባ የምትደረድር አሮጊት ነበረች፤ ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት በባዶ እግሯ ስታማትብ አይታ አበባውን እንደያዘች ቀረች። ጧፍ የለም፣ መጋረጃ የለም፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። የኛ አይደለም፤ መስቀሉ ግን መስቀል ነው። ተንበርክኬ «ወለተ ማርያምን አስባት» አልኩ፤ የእናቴ የክርስትና ስም ነው። ያኔ እንባዬ መጣ። እሪ ብዬ አለቀስኩላት፤ ዓመት ሙሉ ትራስ ውስጥ ስቀብረው የኖርኩትን አወጣሁት። አሮጊቷ መጥታ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋኝ ወደ አበባዋ ተመለሰች።

ስወጣ ሐጃ ፊቴን አዩት።

«ለእናትሽ ነው?»

«አዎ ሐጃ።»

«አላህ ይማራት። ለጉልበቴስ ዱዓ አደረግሽልኝ?»

አላደረግኩም። «ረሳሁ ሐጃ» አልኳቸው።

ሐጃ ወደ ድልድዩ ተመለከቱ። ማንም አልመጣም።

«እንግዲያው ሳይመጡ ቶሎ ተመለሺ» አሉኝ። «የግራው ነው በዪ።»