የተረፈችው ብረት

ጁባ ሳለሁ የመሥሪያ ቤታችንን ሠራተኞች የሕክምና ደረሰኝ የማጣራው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የመጋዘናችን ኃላፊ ጋሽ ዴንግ መጡ። አማርኛ የለመዱት ጋምቤላ በስደት ሳሉ ነው። ናይሮቢ ሄደው የጀርባ አጥንታቸው በብሎን ታስሮ መመለሳቸው ነበር። ታዲያ ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ያንገጫግጨኛል ብለው ከሙኑኪ ሰፈር ድረስ በእግራቸው፣ ያውም እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው! ወንበር ብስብላቸው እንኳ «ቆሜ ይሻለኛል» አሉኝ።

በእኛ ሥራ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ብረት ሁሉ የራሱ የክፍያ ኮድ አለው። ራጃቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ከደረሰኙ ጋር አመሳከርኩ። ብሎኖቹ ልክ ናቸው፤ ዘንጎቹም ልክ ናቸው። ግን አንዲት ትንሽ ብረት ተረፈችኝ። ከሌሎቹ ራቅ ብላ ጋደም ብላለች። የሌላ ሰው ራጅ ይሆን እንዴ? እንዲህ ያሉ ትልቅ ሰው ደግሞ ምን ተብለው ይጠየቃሉ? አንገቴን ደፍቼ፣

«ጋሼ፣ ይቺኛዋ... ኮድ የላትም» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው አዩዋትና እንደ ድሮ ወዳጅ ፈገግ አሉላት።

«እሷማ የጦርነቱ ጊዜ ጥይት ናት» አሉኝ። «በነጻ ነው የገባችው።»